አቃቂ የወሰደው የት ደረሰ?

አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ስትቆረቆር ከተራራው የሚወርዱት ወንዞች ሁለት አገልግሎት ይሰጧት ነበር። ከላይ ሲመጡ ይጠጣሉ፤ ወደ ታች ሲወርዱ ጉድፏን ይዘውላት ይሄዳሉ። ዛሬ የመጀመሪያው አገልግሎት የለም። በቀበና፣ በቀጨኔና በጉለሌ በኩል የሚወርደውን ውኃ መሐል ከተማ ከደረሰ በኋላ ደፍሮ የሚቀምስ ሰው አይገኝም። ሁለተኛው አገልግሎት ግን አልተቋረጠም። ቤቶች የመጸዳጃ ፍሳሻቸውን፣ ፋብሪካዎች እጣቢያቸውን፣ ጋራዦች የተቃጠለ ዘይታቸውን፣ መንገዶች የጎማና የፍሬን ብናኛቸውን ለዚያው ውኃ ያስረክባሉ። ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ ይህን ሁሉ ተሸክመው ከከተማዋ ደቡብ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይዘልቃሉ።

ለዚህ ውድቀት ብዙ ጊዜ የምንሰጠው ምክንያት የሕዝብ ብዛትና ግዴለሽነት ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሆኖም ነገሩን እስከ ሥሩ አያስረዱም። ግዴለሽ ሰው በየዘመኑ ነበር፤ ብዙ ሕዝብ ይዘው ወንዛቸውን ያዳኑ ከተሞችም አሉ። የዚህ ሐተታ መከራከሪያ ሌላ ነው። አቃቂን ለዚህ ያበቃው ውኃ ይወስዳል፣ ጢስ ይበተናል፣ አፈር ይውጣል የሚለው አሮጌ እምነታችን ጊዜው ካለፈበት በኋላ እንኳ ሳይለወጥ መቀጠሉ ነው። እምነቱ በአንድ ዘመን በእርግጥ ይሠራ ነበር። የምንጥለው ነገር ዓይነቱ ሲለወጥ ግን ልማዳችንም ሕጋችንም አብረው አልተለወጡም።

እምነቱ እውነት በነበረበት ዘመን

በቀድሞዋ አዲስ አበባ የሚጣለው ነገር በአብዛኛው አመድ፣ ገለባ፣ እበት፣ የምግብ ትራፊና የሰው ዓይነ ምድር ነበር። ከአመዱ በስተቀር ይህ ሁሉ ሕይወት ካላቸው ነገሮች የመጣ ነው፤ ሕይወት ያላቸው ረቂቅ ተሕዋስያንም መልሰው ሊፈቱት ይችላሉ። ወንዝ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በውኃው የሟሟውን ኦክስጅን እየተጠቀሙ ቆሻሻውን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ወደ ውኃና ወደ ቀላል ጨዎች ይበትኑታል። ወንዙም ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ ሲወርድ ያጣውን ኦክስጅን ከአየር ይተካል። ጥቂት የተበከለ ወንዝ የተወሰነ ርቀት ከሄደ በኋላ ራሱን ማጥራቱ በማንኛውም የውኃ ኬሚስትሪ መማሪያ የሚገኝ እውነት ነው። አያቶቻችን ይህን በላቦራቶሪ ባይለኩትም በዓይናቸው አይተውታል።

ይህ ችሎታ ግን ልክ አለው፤ ልኩም ለደጋ ከተማ ዝቅ ያለ ነው። በባሕር ወለል ላይ፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ያው አንድ ሊትር ውኃ እዚህ የሚይዘው ኦክስጅን 7 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። የተለመደ የቤት ፍሳሽ በበኩሉ እስኪበሰብስ ድረስ በሊትር 200 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ኦክስጅን ይፈጃል። ሒሳቡን ማንም ሊሠራው ይችላል። አንድ ሊትር ጥሬ ፍሳሽ የ30 ሊትር ያህል ንጹሕ ውኃ ኦክስጅን ይጨርሳል። በክረምት ጎርፉ ፍሳሹን ስለሚያቀጥነው ወንዙ ጥቂት ይተነፍሳል። በበጋ ግን ከተራራው የሚወርደው ውኃ ይሳሳል፣ ፍሳሹ እንዳለ ይቀጥላል፤ ያኔ ወንዙ ከወንዝነት ይልቅ ወደ ፍሳሽ ማስወገጃ ቦይነት ያደላል።

ኦክስጅን ሲያልቅ ባክቴሪያዎቹ ሥራ አይፈቱም። በመጀመሪያ ናይትሬትን፣ ቀጥሎ ማንጋኒዝንና ብረትን፣ በመጨረሻም ሰልፌትን በኦክስጅን ፋንታ ይጠቀማሉ። ሰልፌት ላይ ሲደርሱ የሚያወጡት ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው፤ የበሰበሰ ዕንቁላል የሚሸተው እሱ ነው። ይህ ጋዝ በውኃው ውስጥ ካለ ብረት ጋር ሲዋሐድ ጥቁር ደቃቅ ዝቃጭ ይሠራል። በበጋ ወራት ከከተማዋ ድልድዮች ሥር የምናየው ጥቁረትና መንገደኛውን አፍንጫ የሚያሲዘው ሽታ ከዚሁ የመጡ ናቸው። ወንዙ የመጨረሻውን መተንፈሻ እየተጠቀመ መሆኑን ሁለቱም ይመሰክራሉ።

የአየሩም ታሪክ ከወንዙ ጋር ይመሳሰላል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ከተማዋን ከፈጃት በኋላ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን የየሰፈሩን ጥራጊ ሰብስቦ ማቃጠል ልማድ ሆነ፤ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ይህንኑ ነው። የሐሳቡ መነሻ ጽዳትና ጤና ነበር፤ የሚቃጠለውም ቅጠል፣ ገለባና እንጨት ነበር። ዛሬ በዚያው ቀን ከጥራጊው ጋር ፌስታል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስና ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይነዳል። ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ ዝቅ ባለ ሙቀት ሲቃጠል ዳይኦክሲን የተባሉ፣ በጥቂቱም ቢሆን መርዛማ የሆኑ ውሕዶች ይፈጠራሉ። ወሩም ለዚህ የባሰ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጥርት ባሉ ሌሊቶች መሬቱ ስለሚቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር በእንጦጦ፣ በወጨጫ፣ በፉሪና በየረር መካከል ተኝቶ ያድራል፤ ሞቃቱ አየር ከላይ ሆኖ ይከድነዋል። ጢሱ ወደ ላይ መውጫ አጥቶ ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ላይ ይቆያል። ልማዱ ሳይለወጥ፣ በሚነደው ነገር ለውጥ ብቻ፣ በሽታን ለማባረር የተጀመረው ነገር በሽታ አምጪ ሆነ።

በካይ ነገር መንገዱን የሚመርጥበት ሕግ

በአካባቢ ኬሚስትሪ አንድ በካይ ነገር የት እንደሚደርስ ለማወቅ ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቃሉ። በቀላሉ ይተናል ወይ? በውኃ ይሟሟል ወይ? ከአፈር ቅንጣትና ከስብ ጋር ይጣበቃል ወይ? የሦስቱ መልስ መንገዱን ይወስናል። ስለዚህ አየር፣ አፈርና ውኃ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ሊጠብቋቸው የሚችሉ ሦስት የተለያዩ ግዛቶች አይደሉም። በካይ ነገሩ ድንበራቸውን ሳያውቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ናይትሬትን እንመልከት። የአዲስ አበባ አብዛኛው ሕዝብ ለረጅም ዘመን የተጠቀመው በጉድጓድ መጸዳጃ ነው፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው አሞኒያ አፈር ውስጥ ኦክስጅን ሲያገኝ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ናይትሬት አሉታዊ ሙል አለው፤ የሸክላ አፈር ቅንጣቶችም ገጽ አሉታዊ ነው። ሁለቱ ስለሚገፋፉ አፈሩ ሊይዘው አይችልም፤ ከዝናቡ ጋር አብሮ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይወርዳል። ከተማዋ የምትጠጣው ውኃ አንድ ክፍል የሚቀዳው ደግሞ ከደቡብ፣ ከአቃቂ የጥልቅ ጉድጓዶች መስክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የናይትሬት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህም በዋነኛነት ጡጦ የሚጠቡ ሕፃናትን ደም ኦክስጅን ከማጣት ለመጠበቅ ነው። ከላይ የሚቆፈር መጸዳጃና ከታች የሚቆፈር የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ በአንድ አፈር ውስጥ የሚገናኙ ሁለት ጫፎች ናቸው።

እርሳስ የዚህ ተቃራኒ ነው። ለአሥርት ዓመታት ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ ከመኪና ጭስ ማውጫ ወጥቷል። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ ይህን ቤንዚን አስወግደዋል፤ በ2021 የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያም ስታቆም ምዕራፉ በዓለም ዙሪያ ተዘጋ። አየሩ እርሳሱን በቶሎ አራገፈ። የተራገፈው ግን ከመንገድ ዳር ካለው የላይኛው አፈር ጋር በጥብቅ ተያይዞ ቀረ፤ በራሱ ጊዜ አይበሰብስም፣ በቀላሉም ታጥቦ አይወርድም። አየሩን ያዳነው አዋጅ አፈሩን አላዳነም። መሬቱ ሲቆፈርና ነፋስ ሲያነሣው አሮጌው እርሳስ እንደገና አቧራ ሆኖ ይመለሳል። ይህን አቧራ ከሁሉ በላይ የሚቀምሰው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እጁን ወደ አፉ የሚወስድ ሕፃን ነው፤ እርሳስም ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በማደግ ላይ ያለውን አእምሮ ነው።

ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ መድኃኒት ሦስተኛውን መንገድ ይዟል። በውኃ የመሟሟት ችሎታው እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ ወደ ስብ ያለው ዝንባሌ ግን ወደ ውኃ ካለው ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ነው። ለወባ መከላከያ በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲረጭ ኖሯል። በሐይቅ ውኃ ውስጥ መኖሩ እንኳ የሚያጠራጥር መጠን በደቃቅ ዋቅላሚ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ዋቅላሚውን የሚበላው ትንሽ ዓሣ፣ ትንሹን የሚበላው ትልቅ ዓሣ፣ ትልቁን የሚበላው ወፍ በየደረጃው ይበልጥ ይይዛል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ በተለይም በዝዋይ ዓሦችና ወፎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህንኑ መሰላል አሳይተዋል። በሞቃት አገር የተረጨው ደግሞ በጥቂቱ እየተነነ፣ በቀዝቃዛ አገር እየወረደ፣ ተረጭቶ ወደማያውቅበት የሰሜን ዋልታ ደርሷል።

ክሮሚየምን እንከተለው

እነዚህ ሦስት መንገዶች በአንድ ንጥረ ነገር ላይ ሲገጣጠሙ ማየት የሚፈልግ ክሮሚየምን ይከተል። ቆዳና ሌጦ ወደ ፋብሪካ ሲገባ መጀመሪያ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ጠጉሩ ይነቀላል። ከዚያም በትልቅ የሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ከክሮሚየም ጨው ጋር ለሰዓታት ይታሻል። ክሮሚየሙ የቆዳውን ፕሮቲን እርስ በርሱ ስለሚያስተሳስረው ቆዳው አይበሰብስም፣ ሙቀትም ይችላል። በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚወስደው ከገባው ክሮሚየም 60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ብቻ ነው። ቀሪው አረንጓዴያማ ሰማያዊ ውኃ ሆኖ በቦዩ ይወጣል።

ይህ ሦስት አዎንታዊ ሙል ያለው ክሮሚየም በአንጻራዊነት ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ከኖራው ውኃ ጋር ሲገናኝ ከመሟሟት ወጥቶ ይዘቅጣል፤ የወንዙ ወለል ላይ ካለው ጭቃ ጋር ይቀላቀላል። ውኃው ሲመረመር የክሮሚየሙ መጠን ዝቅ ብሎ ሊታይና ሁሉም መልካም ሊመስል ይችላል። የሚቀጥለው ክረምት የመጀመሪያ ጎርፍ ግን ጭቃውን ከነያዘው ነቅሎ ያነሣዋል፤ ከዳር ወጥቶም እርሻ ላይ ያለብሰዋል።

የአቃቂ ዳርቻ እርሻ በአብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እጅ የሚያስገባ ስፋትና እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥልቀት ሊኖረው ይችላል። በአፈሩ ውስጥ የማንጋኒዝ ኦክሳይዶች አሉ። ክሮሚየም ከእነዚህ ጋር በቂ ኦክስጅን ባለበት ሲነካካ ስድስት አዎንታዊ ሙል ወዳለው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል፤ ይህኛው በውኃ ይሟሟል፣ እንደ ናይትሬት ከሸክላው ይገፋል፣ ሲተነፈስም ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። ብዙ ኦርጋኒክ ቁስ ያለበት አፈር መልሶ ወደ ቀድሞው ዓይነት ይቀንሰዋል። የትኛው አቅጣጫ እንደሚያሸንፍ የሚወስኑት የአፈሩ እርጥበት፣ አሲዳማነቱና ኦክስጅኑ ናቸው፤ እነዚህም በየወቅቱ ይለዋወጣሉ። የተሰነጠቀው ዋልካ ደግሞ የበጋውን የመስኖ ውኃ አጣርቶ ከማውረድ ይልቅ በስንጥቁ በኩል በቀጥታ ያሰምጠዋል።

ሌላ መንገድም አለ። ከለፋው ቆዳ የሚከረከመው ቁራጭና ፍቅፋቂ ከጥራጊ ጋር ተጥሎ ሲቃጠል፣ ብዙ አየር ባለበት እሳት ውስጥ ክሮሚየሙ ወደ አደገኛው ዓይነት ይለወጥና አመድና ጢስ ውስጥ ይገኛል። ውኃ ውስጥ ያልነበረው አደጋ በእሳት ተፈጥሮ ወደ አየር ይወጣል፤ አመዱም በዝናብ ተመልሶ ወደ ወንዙ ይወርዳል። አንዱ ንጥረ ነገር ሦስቱንም ግዛቶች ዞሮ መጣ ማለት ነው።

በበጋ ማለዳ በወንዙ ዳር ያለው ገበሬ የሞተር ፓምፑን አስነሥቶ ውኃውን በቦይ ወደ መደቡ ሲለቅ ምንም ወንጀል አይሠራም። ያለው ውኃ ያ ነው። ፍሳሹ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ስላለው ማዳበሪያም ይቆጥብለታል፤ ሰላጣው ይለመልማል፣ ቆስጣው ቅጠሉ ይሰፋል። ካድሚየምና እርሳስ ግን ለቅጠል መልክ አይሰጡም፤ ገዢው በዓይኑ ሊለያቸው አይችልም። በአዲስ አበባ ወንዞች ዳር በሚበቅሉ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሰላጣና ቆስጣ ከጥቅል ጎመን ይልቅ ብዙ ብረታ ብረት እንደሚይዙ አሳይተዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሰፊ የተዘረጋ ቅጠል ከሥሩ በሚስበው ላይ ከአየር የሚወርደውን አቧራም ይቀበላል። ከላይ የሚወጣው የመኪና ጭስና ከታች የሚመጣው መስኖ በአንድ ቅጠል ላይ ይገናኛሉ። ውኃ ሽቅብ አይፈስም፤ ከተማዋ ቁልቁል የለቀቀችው ነገር ግን በአትክልት ጭነት ሽቅብ ተመልሶ ወደ ማዕዷ ይቀርባል።

ግድቦቹ የያዙት ሒሳብ

አባ ሳሙኤል በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ አዲስ አበባን በኤሌክትሪክ ካበሩ የመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። የማመንጨት አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ቢሆንም በዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። ውሎ አድሮ በደለልና በእርጅና ሥራ አቁሞ ለአሥርት ዓመታት ቆየ፤ ታድሶ እንደገና የተነሣው በቅርብ ዓመታት ነው። የግድቡ ሐይቅ ግን ማመንጫው በቆመበት ዘመን ሁሉ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። የሚፈሰው ውኃ እዚያ ሲደርስ ስለሚረጋ፣ የያዘው ቅንጣት ከነተጣበቀበት ብረታ ብረት ይወርዳል። ከታች ያለው ደለል የከተማዋ የቆዳ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የጋራዥና የመጸዳጃ ታሪክ በንብርብር የተከማቸበት ነው።

ከላይ የሚለብሰው እምቦጭ ነው። እምቦጭ የሚፋፋው በፎስፌትና በናይትሬት ብዛት ነው፤ ሥሩም ብረታ ብረትን ከውኃ ውስጥ በደንብ ይስባል። ስለዚህ እንደ ማጣሪያ የሚያዩት አሉ። ይህ እውነት የሚሆነው ተክሉ ተነቅሎ ከውኃው ርቆ በጥንቃቄ ሲወገድ ብቻ ነው። እዚያው ሲሞት የያዘውን ይመልሳል፤ ሲበሰብስም የቀረውን ኦክስጅን ይፈጃል። ወለሉ ኦክስጅን ሲያጣ ደግሞ ብረት አስሮ የያዘው ፎስፌት ይለቀቃል፤ የተለቀቀው ፎስፌት የሚቀጥለውን ዓመት እምቦጭ ይመግባል። ሐይቁ ከላይ አዲስ ቆሻሻ ባይገባለት እንኳ ከገዛ ደለሉ ለዓመታት ሊበከል ይችላል። በወንዝ ብክለት ላይ የሚደረግ መዘግየት ከሁሉ የከፋ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚዘገይ እርምጃ ብክለቱን ብቻ ሳይሆን የብክለቱን ምንጭ ያራባል።

ከአባ ሳሙኤል በታች አቃቂ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል፤ የሞጆም ወንዝ የቆዳ ፋብሪካዎቹን ፍሳሽ ይዞ ወደ ቆቃ ይመጣል። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ውኃ በየጊዜው አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። አረንጓዴው ማይክሮሲስቲስ የተባለ ረቂቅ ተሕዋስ ነው፤ ጉበትን የሚጎዳ ማይክሮሲስቲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። የገጠር እናት ውኃዋን አፍልታ ብታጠጣ ተሕዋሱን ትገድላለች፤ መርዙ ግን በመፍላት አይጠፋም፣ እንዲያውም ተሕዋሱ ሲፈነዳ ወደ ውኃው ይወጣል። ጥንቃቄዋ ትክክል ነው፤ አደጋው ግን ጥንቃቄዋ ከተማረው ዓይነት አይደለም።

አዋሽ ከዚህ ወርዶ ለአዳማ መጠጥ ይሆናል፤ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ ያጠጣል፤ በአፋር በረሃ የሰውና የከብት ጥም ይቆርጣል። ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ግን እንደ ዓባይ ባሕር አይገባም። በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፤ ውኃው እዚያ በፀሐይ ይተናል፣ ጨውና የማይተን ነገር ሁሉ ይቀራል። በባሕር ዳር አገር ያለ ሰው ወንዙ የወሰደውን ውቅያኖስ ዋጠው ብሎ ራሱን ሊያታልል ይችላል። የአዋሽ ተፋሰስ ሰው ይህ ማታለያ እንኳ የለውም። የወጣ ሁሉ አገር ውስጥ ይቀራል፤ ከፊሉ በደለል፣ ከፊሉ በሰብል፣ ከፊሉ በዓሣ፣ ከፊሉ በሰው አካል።

ሕጉ የቧንቧውን አፍ ያያል

ሕግ አልጎደለንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት አድርጎ ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው ጥቅሜ በቀጥታ ተነካ ማለት ሳይጠበቅበት በበካይ ላይ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001 በሥራ ላይ የነበሩ ፋብሪካዎች አሠራራቸውን እንዲያስተካክሉ የ5 ዓመት ጊዜ ሰጥቷል። ያ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል።

ሕጉ ለምን አልያዘም? አንዱ ምክንያት ተጠያቂው የሚጠፋበት መንገድ ነው። አፓፕ የተባለው የሲቪክ ማኅበር ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች ብክለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ሲከስ፣ ፍርድ ቤቱ በ1999 ዓ.ም. ባለሥልጣኑ ራሱ በካይ ስላልሆነ ሊከሰስ አይገባም ብሎ ክሱን ዘጋው። በሕግ ቋንቋ ይህ ሊያከራክር ይችላል። በወንዙ ኬሚስትሪ ግን ውጤቱ ከባድ ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ በካዮች የሚያዋጡት ጭነት አንድ ባለቤት የለውም፣ ሁሉንም እንዲቆጣጠር የተሾመው መሥሪያ ቤትም በካይ ስላልሆነ አይጠየቅም።

ሁለተኛው ምክንያት ሕጉ የሚለካው በቧንቧው አፍ ላይ መሆኑ ነው። ደረጃው የሚነገረው በሊትር ስንት ሚሊ ግራም ተብሎ ነው። ውኃ ጨምሮ ያቀጠነ ፋብሪካ ደረጃውን ሊያሟላ ይችላል፤ ወንዙ የሚቀበለው አጠቃላይ ክብደት ግን አንድ ግራም አልቀነሰም። ደለሉን ማን ይመርምር፣ አትክልቱን ማን ይመርምር፣ አመዱን ማን ይመርምር የሚለው በየመሥሪያ ቤቱ መካከል ወድቆ ይቀራል።

የተሠራ ሥራ መኖሩን መካድ ግን ፍትሐዊ አይሆንም። የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ያህል የማጣራት አቅም አግኝቷል፤ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክትም በ56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ላይ አነጣጥሯል። ማጣሪያ የሚበሰብስን ነገር በእርግጥ ያጠፋል፤ ለኦክስጅኑ ሒሳብ ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት የለም። ክሮሚየምንና እርሳስን ግን አያጠፋም። ከውኃው አውጥቶ ወደ ዝቃጩ ያዛውራቸዋል፤ ዝቃጩ እርሻ ላይ ቢበተን ጉዞው እንደ አዲስ ይጀምራል። የተዋበ ዳርቻም ሰው ወደ ወንዙ እንዲቀርብ ያደርጋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የማያየውን ወንዝ የሚቆረቆርለት የለምና። ነገር ግን የወንዝ መዳን የሚለካው በዳርቻው አበባ ሳይሆን በውኃው ኦክስጅንና በደለሉ ብረት ነው።

ደሃ አገር መጀመሪያ ይበልጽግ፣ ጽዳቱ በኋላ ይደርሳል የሚል ክርክር አለ፤ የቆዳ ፋብሪካ የእንጀራ ምንጭ የሆነላቸው ሠራተኞች ስላሉ ክርክሩ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። የሚበሰብስ ፍሳሽን በተመለከተ ከፊል እውነት አለው፤ ፍሳሹ ሲቆም ወንዙ በዓመታት ውስጥ ማገገም ይችላል። ስለ ብረታ ብረትና ስለማይበሰብሱ ውሕዶች ግን ሐሰት ነው። እነዚህ በኋላ የሚነሡ አይደሉም። በአገራችን የተከማቹ ጊዜ ያለፈባቸው ፀረ ተባይ መድኃኒቶች ከ1,000 ቶን በላይ ተሰብስበው ለመቃጠል ፊንላንድ ድረስ መላካቸው ይታወሳል። ያን ሁሉ ለመላክ የተቻለው በበርሜልና በመጋዘን ስለነበረ ነው። በወንዝ ደለልና በእርሻ አፈር የተበተነን ነገር ሰብስቦ የሚጭን መርከብ የለም።

ከምንጩ መያዝ

ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ አንድ ነው። ከተበተነ የማይመለስ ነገር ከመበተኑ በፊት መያዝ አለበት። ለክሮሚየም ይህ የታወቀ ቴክኒክ ነው። የማልፊያው ውኃ ከሌላው ፍሳሽ ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ተይዞ ማግኒዚየም ኦክሳይድ ሲጨመርበት ክሮሚየሙ ይዘቅጣል፤ ዝቃጩም በሰልፈሪክ አሲድ ተሟሙቶ ለሚቀጥለው ቆዳ እንደገና ያገለግላል። ፋብሪካው በገንዘብ የገዛውን ጨው ወደ ወንዝ ከማፍሰስ ይድናል። ይህን ማድረግ የሚቻለው በበርሜሉ አጠገብ ብቻ ነው። ከመጸዳጃ ፍሳሽና ከኖራ ውኃ ጋር ከተደባለቀ በኋላ ማንም ባለሙያ በዚያ ዋጋ ሊለየው አይችልም።

ሁለተኛው እርምጃ ልኬቱን መቀየር ነው። ደረጃው በሊትር ብቻ መለካቱ ቀርቶ በቀን ወደ ወንዙ የሚገባው አጠቃላይ ክብደት ይቆጠር፤ ከውኃው ጋር ደለሉና ከወንዙ የሚጠጣው አትክልት በየዓመቱ ይመርመር፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይውጣ። ሦስተኛው ገበሬውን አለመቅጣት ነው። እርሻውን መንጠቅ ያለ እንጀራ ማስቀረት ነው። ብረታ ብረት የሚስቡት ሰላጣና ቆስጣ ቀርተው፣ ለዚያ መሬት የሚስማማ ሌላ ሰብል እንዲተካ ማገዝና ንጹሕ የመስኖ ውኃ ማቅረብ የከተማዋ ዕዳ ነው፤ ውኃውን ያበላሸችው እሷ ነችና። አራተኛው ፕላስቲክ ያለበትን ጥራጊ ከማቃጠል መቆጠብ ነው፤ ይህ መሥሪያ ቤት ሳይጠበቅ ከየቤታችን ሊጀመር ይችላል። ኅዳር 12 ቅጠሉና ገለባው ይታጠን፤ ፌስታሉና ሽቦው ይለይ።

«ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው ተረታችን ለአቃቂ በትክክል ይሠራል። አንድም ዓመት ወንዙ ሞተ ተብሎ አልታወጀም፤ በየዓመቱ ጥቂት ተጨመረ፣ በየዓመቱ ጥቂት ተለመደ። አሁንም ነገሩ ከእጃችን አልወጣም። ከእንጦጦ የሚወርደው ምንጭ አልደረቀም፤ የሚበሰብሰው ፍሳሽ ቢቆም ኦክስጅን በራሱ ይመለሳል፤ ተፈጥሮ ለዚህ የኛን ፈቃድ ብቻ ትጠብቃለች። ብረታ ብረቱና የማይበሰብሰው መርዝ ግን የሚቀንሱት ዛሬ ባልጨመርነው ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ለከንቲባውም፣ ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅም፣ ለቤት እመቤቷም የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ የምጥለው ነገር የት ይደርሳል? መልሱ «ይሄዳል» ከሆነ ሥራው ገና አልተጀመረም። አዋሽ ባሕር ስለማይገባ የሄደ ሁሉ ያለው እዚሁ እኛ ዘንድ ነው።